ከሊማሊሞ እስከ ሻዓር ሃጋይ፦ የፍሬን ታሪክና ሁለት ትንንሽ ፒኖች

ባለፈው ዓመት የሲግድ ዕለት ማታ ነው። ከቂርያት ማላኺ፣ ከገዴራና ከያቭኔ ወደ ኢየሩሳሌም የወጣነው ሁሉ ጸሎቱን ጨርሰን፣ ጾማችንን ፈትተን፣ ከአርሞን ሃናጺቭ ወደየቤታችን እየተመለስን ነበር። ብዙዎቻችን በአውቶቡስ፣ አንዳንዶቻችን ደግሞ በቤተሰብ መኪና ነው የሄድነው። ከመኪኖቹ በአንዱ ውስጥ አምስት ሰዎች ነበርን፦ ሁለት ወጣቶች፣ ሁለት እናቶችና አንድ በዕድሜ የገፉ አባት።

ወደ ሻዓር ሃጋይ ቁልቁለቱን ስንወርድ የሚቃጠል ነገር ሸተተን። "የውጭ ጭስ ነው" ብለን መስኮቱን ዘጋን። ሽታው ግን ባሰ። ከኋላ የተቀመጡት አባት፣ "ልጄ፣ ዳር ያዝ። ይሄ የውጭ ጭስ አይደለም። ብረት ከልክ በላይ ሲግል እንዲህ ነው የሚሸተው" አሉ። እንዴት እንዳወቁ ያን ሰዓት አልጠየቅናቸውም።

ደህና ቦታ ፈልገን ቆምን፤ አንጸባራቂውን ሰደርያ ለብሰን ወረድን። ሳንነካ እጃችንን ወደ እያንዳንዱ ጎማ ጠጋ አደረግን። ሦስቱ ለብ ያሉ ናቸው። የቀኝ የፊቱ ግን እንደ ምጣድ ይጋረፋል። ያ መኪና ያን ማታ በራሱ ጎማ ቤቱ አልገባም፤ ጎታች መኪና ነው የወሰደው።

በማግስቱ ሙሳኽ ውስጥ ጎማው ሲወልቅ የታየው ነገር እስካሁን ይገርመናል። ዲስኩን ከሁለት ጎን ከሚይዙት ሁለት የፍሬን ሸራዎች የውስጠኛው እስከ ብረቱ አልቋል። የውጭው ግን ገና ብዙ ይሠራ ነበር። ምክንያቱ ጣት የሚያክሉ ሁለት ፒኖች ናቸው፤ ደርቀውና ዝገው አልንቀሳቀስ ብለዋል። ከዚያ በፊት በሌላ ቦታ ሸራው ሲቀየር ፒኖቹን አውጥቶ ያጸዳ ሰው አልነበረም። እኛም አልጠየቅንም። መጠየቅ እንዳለብን እንኳ አናውቅም ነበር።

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ስለ ፍሬን ታሪክ ለመጻፍ የወሰንነው ከዚያ ማታ በኋላ ነው። በየቀኑ በእግራችን የምንረግጠው፣ የእናቶቻችንንና የትንንሽ ወንድሞቻችንን ሕይወት የምናምንበት ዕቃ ከየት መጣ? እንዴት ይሠራል? ምንስ ይፈልጋል? (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሬን ማለት ልጓም ነው

ከቃሉ እንጀምር። አማርኛችን "ፍሬን" የሚለው ከውጭ የመጣ ቃል ነው። ጣልያኖች "ፍሬኖ"፣ ፈረንሳዮች "ፍሬን" ይላሉ። የሁለቱም ሥር ላቲን ሲሆን "ፍሬኑም" ይባላል፤ ትርጉሙም የፈረስ ልጓም ነው። በዕብራይስጥ ደግሞ ሙሳኽ ውስጥ "ብሬክሲም" ቢባልም መደበኛው ስሙ "ብላሚም" ነው። የዚህ ቃል ሥር በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ይገኛል፤ የሚገኘውም ስለ ፈረስና ስለ በቅሎ ልጓም በሚናገረው ስፍራ ነው። እንግዲህ በአማርኛም ጥሩት በዕብራይስጥ፣ የምትረግጡት ነገር ልጓም ነው። ወላጆቻችን በቅሎ ይዘው ቁልቁለት ሲወርዱ የሚያውቁት ጉዳይ ማለት ነው፦ መሄዱ አይደለም ጭንቁ፤ መያዙ ነው።

መኪናና የመኪና ዕቃ ወደ አገራችን ሲገቡ ስማቸውን ይዘው ነው የገቡት። መኪና፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ብሎን፣ ግራሶ፣ ታኮ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ብዙዎቹን ያስለመዱን የጣልያን ከባድ መኪኖችና የጣልያን መንገዶች ናቸው። ከመንገዶቹ ደግሞ ከጎንደር በስተሰሜን የመጡ ቤተሰቦች የማይረሱት አንድ አለ፤ እሱም ሊማሊሞ ነው።

ሊማሊሞ ያስተማረው

የሊማሊሞ መንገድ ከደባርቅ ወጣ ብሎ ገደሉን እየተጠማዘዘ ይወርዳል። የተሠራው ጣልያን ኢትዮጵያን በያዘበት፣ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ዘመን ነው። ከሰሜን ተራሮች ጥግ እስከ ቆላው ድረስ ያለው ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ላይ የተጫነ መኪና የሚነዳ ሰው ፍሬን ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም ነበር።

ፍሬን የሚሠራው ነገር አንድ ነው፤ ሩጫን ወደ ሙቀት ይለውጣል። መኪናው የያዘው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ በሰበቃ ሙቀት ይሆንና ወደ አየር ይወጣል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ይህ ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ለመቆም በ50 ከሚሄደው አራት እጥፍ ሙቀት ማውጣት አለበት። ቁልቁለት ሲሆን ደግሞ መሬቱ ራሱ ከኋላ ይገፋል።

የድሮዎቹ መኪኖች ፍሬን ታምቡር ነበር። ጎድጓዳ የብረት ከበሮ ከጎማው ጋር ይዞራል፤ በውስጡ ሸራ የለበሱ ሁለት ጫማዎች ወደ ውጭ ተገፍተው ከበሮውን ከውስጥ ይፈትጉታል። ታምቡር ጠንካራ ነው፤ ዛሬም በብዙ መኪኖች የኋላ ጎማ ላይ አለ። ችግሩ ሙቀቱ ተዘግቶ መቅረቱ ነው። ብረት ሲግል ይሰፋል፤ ታምቡር ሲሰፋ ደግሞ ከሸራው ይርቃል። ሾፌሩ ፔዳሉን ቢረግጥ ቢረግጥ መኪናው እየያዘ አይመጣም።

ስለዚህ ሾፌሮች ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ አውርደው ሞተሩ ራሱ መኪናውን እንዲይዝ ያደርጉ ነበር። ረዳቱ ታኮ ይዞ ይጠብቃል፤ መኪናው ሲቆም ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ይወሽቃል። ታኮው እንጨት ወይም ድንጋይ ነው። ይህ ብልሃት ዛሬም ለሻዓር ሃጋይ ይሠራል። አውቶማቲክ መኪና ቢሆንም ማርሹን ዝቅ አድርጎ መውረድ ይቻላል። ፍሬን ላይ እግርን ጭኖ ከላይ እስከ ታች መውረድ ግን ፍሬኑን መጥበስ ነው።

ከታምቡር ወደ ዲስክ

ታምቡርና ዲስክ ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ረኖ በ1902 ከውስጥ የሚፈትገውን የታምቡር ፍሬን አወጣ። በዚያው በ1902 እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ላንቸስተር በዲስክ ፍሬን ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። የላንቸስተር ሐሳብ ከጊዜው የቀደመ ነበር። ሸራው ግን መዳብ ስለነበር ብረት ከብረት ሲፋተግ ጩኸቱ አያድርስ ነው፤ በአቧራማ መንገድም ቶሎ ያልቃል። ስለዚህ ለሃምሳ ዓመት ያህል ታምቡር ገዛ።

በመሀል ሌላ ትልቅ ለውጥ መጣ። ድሮ ፔዳሉ ከጎማው ጋር የሚገናኘው በዘንግና በሽቦ ነበር። አንዱ ጎማ ቀድሞ ይይዛል፣ ሌላው ይዘገያል፤ መኪናው ወደ ጎን ይስባል። በአሜሪካ ማልኮም ሎክሂድ የሚባል ሰው በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ሠራ፤ በ1921 የወጣው ዱዘንበርግ መኪናም በአራቱም ጎማ ላይ የፈሳሽ ፍሬን ይዞ ወጣ። የሚሠራበትን ሕግ ግን ብሌዝ ፓስካል በ1600ዎቹ አስተምሮት ነበር፦ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫን ግፊቱ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይደርሳል። እግራችን አንድ ቦታ ይረግጣል፤ አራቱም ጎማ ይሰማል።

ዲስክ ዳግም የተነሣው በውድድር ሜዳ ነው። በ1953 በፈረንሳይ በተደረገው የ24 ሰዓት የለ ማን ውድድር የጃጓር መኪና የደንሎፕ ዲስክ ፍሬን ይዞ አሸነፈ። ሌሎቹ ታምቡራቸው ስለሚግል ከጥምዝ በፊት ከሩቅ መያዝ ነበረባቸው፤ ጃጓሩ ግን እስከ መጨረሻው ሮጦ ይይዝ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1955፣ ሲትሮየን ዲ ኤስ የተባለውን የቤተሰብ መኪና ከፊት ዲስክ ፍሬን አድርጎ ለሕዝብ አቀረበ። ዲስክ ክፍት ስለሆነ ነፋስ ያበርደዋል። ሲሰፋም ከሸራው አይርቅም፤ ወደ ሸራው ይጠጋል እንጂ።

አንድ እጅ ገፍቶ በሁለት ጎን መያዝ

ዲስኩን ጨብጦ የሚይዘው ዕቃ ካሊፐር ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ካሊፐሮች የማይንቀሳቀሱ ነበሩ፤ በብሎን ተጠርቀው ከዲስኩ ግራና ቀኝ ፒስተን ነበራቸው። ጥሩ ይይዛሉ፤ ግን ከባድ፣ ውድና ቦታ ፈላጊ ናቸው። ከ1960ዎቹ ወዲህ መሐንዲሶች ቀላሉን መንገድ አስፋፉ፤ ይኸውም ተንሸራታች ካሊፐር ነው። ዛሬ በሠፈራችን ከቆሙት የቤተሰብ መኪኖች የአብዛኛዎቹ የፊት ፍሬን ይህ ዓይነት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፒስተኑ በአንድ ጎን ብቻ፣ በውስጥ በኩል ነው ያለው። ፔዳሉን ስንረግጥ የፍሬን ዘይቱ ፒስተኑን ይገፋል፤ ፒስተኑም የውስጠኛውን ሸራ ከዲስኩ ጋር ያገናኛል። ከዚያ በኋላ ፒስተኑ የሚሄድበት የለም። ግፊቱ ግን አላቆመም፤ ስለዚህ የካሊፐሩን አካል ራሱን ወደ ኋላ ይገፋዋል። አካሉ በሁለት ፒኖች ላይ ተንሸራቶ የውጭውን ሸራ ስቦ ያመጣና በሌላው ጎን ዲስኩ ላይ ይለጥፈዋል። እግራችንን ስናነሣ በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የላስቲክ ቀለበት ፒስተኑን ትንሽ፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ወደ ኋላ ይመልሰዋል። ዲስኩ ነጻ ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ፒኖቹ ከተንሸራተቱ ብቻ ነው። የፒስተኑ ቁጥር ሲቀንስ ዋጋውም ክብደቱም ቀነሰ፤ በምትኩ ግን የሁለት ፒኖች እንክብካቤ መጣ። ፒኖቹ ሲደርቁ አካሉ ወይ አይሄድም፣ ወይ ሄዶ አይመለስም። አንዱ ሸራ ሸክሙን ብቻውን ይሸከማል፤ እየተፋተገ ይውላል፣ ይግላል፣ ያልቃል። ፔዳሉ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ይመስላል። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ እግራችን ምንም አይሰማውም።

የብረት ልጆች

ያን ማታ ሽታውን ያወቁትን አባት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ማኅበራችን ጋበዝናቸው። የተበላሸውን ካሊፐር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን፣ "አባባ፣ እንዴት አወቁ?" አልናቸው። ፒኑን አንሥተው በጣታቸው አሽከረከሩት፣ ዝገቱን በጥፍራቸው ፋቅ አደረጉት፤ ዝም አሉ። በኋላ ካሊፐሩን እያዩ፣ "ይሄ እኮ ጉጠት ነው" አሉ። "የጉጠት መገጣጠሚያው ከዛገ የጋለውን ብረት አይለቅልህም። እኛ ማታ ማታ ቅባት እንቀባው ነበር።" አጠገባቸው የተቀመጠው የልጅ ልጃቸው፣ "አባባ፣ ጉጠት ምንድን ነው?" ሲል ጠየቀ። ያን ቀን ነው ቤተሰባቸው እሳቸው በጎንደር ገጠር ቀጥቃጭ እንደነበሩ በሰው ፊት ሲናገሩ የሰማው።

ለምን ደበቁት? ወላጆች ያውቁታል፤ ለእኛ ለወጣቶቹ ግን መጻፍ አለበት። ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው ርስት አልነበራቸውም። በሰው መሬት እያረሱ በእጅ ሙያ ኖሩ፤ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። የጎንደር ቤተ መንግሥቶች ሲገነቡም ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹ መካከል ነበሩ። ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን የሚሠሩት እነሱ ናቸው። ገበሬው ያለ እነሱ ማረስ አይችልም። ግን በቀን ማረሻውን ያሠራው ሰው ማታ "ቡዳ" ይላቸው ነበር። በወናፍና በእሳት ብረትን የሚያለዝብ ሰው ተፈራ፣ ተናቀ። ሙያ ስድብ ሆነ።

በ1984 እና በ1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰለሞን ቤተሰቦቻችን ወደዚህ ሲመጡ ብዙ አባቶች ጉጠቱንም፣ መዶሻውንም፣ የሙያውን ስምም እዚያው ትተውት መጡ። እዚህ ደግሞ "ሙያ የለውም" ተብለው ተመዘገቡ። የብረትን ሽታ ከመኪና ውስጥ ሆኖ የሚለይ ሰው ሙያ የለውም! ሁለቱንም ስድብ አባቶች ዝም ብለው ቻሉት፤ ልጆቻቸውም ሳያውቁ አደጉ።

ዛሬ ከእኛ መካከል መካኒክ፣ የብረት ሠራተኛ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የሆኑ አሉ። ሙሳኽ የሚሠራ ልጅ ያላቸው አንዳንድ ወላጆች ሥራውን ለሰው ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እባካችሁ ዝቅ አታድርጉ። ያ ልጅ አዲስ ነገር አልጀመረም፤ የአያቱን ሥራ ነው የቀጠለው። አምስት ሰው ከሻዓር ሃጋይ በሰላም የሚወርደው በእሱ እጅ ነው።

ምን እንመልከት?

ፍሬን መጫወቻ አይደለም። መፍታትና መግጠም ፈቃድ ያለው ሙሳኽ ሥራ ነው። ማየት፣ ማሽተትና መጠየቅ ግን የሁላችንም ነው።

አንደኛ፣ በብዙ መኪኖች ላይ በቸርኬው ክፍተት ዲስኩና የውጭው ሸራ ይታያሉ። የውጭው ደህና ስለሆነ ብቻ አትመኑ፤ የእኛም የውጭው ደህና ነበር። ጎማ በሚወልቅበት ጊዜ ሁሉ የውስጠኛውንም እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የሸራው ውፍረት ወደ 3 ሚሊ ሜትር ሲቃረብ የመቀየሪያው ጊዜ ደርሷል። ሁለቱ እኩል ካላለቁ ሸራ መቀየር ብቻ መፍትሔ አይደለም፤ ፒኑ ወይም ፒስተኑ ይዟል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ከጉዞ በኋላ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ለይቶ ቢግል፣ መኪናው ሲይዝ ወደ አንድ ጎን ቢስብ፣ የተቃጠለ ሽታ ወይም የብረት ፉጨት ቢመጣ አትቆዩ። የጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አታፍሱ፤ ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሸራ ሲቀየር ፒኖቹ መውጣት፣ መጽዳትና ለፍሬን በተሠራ ግራሶ በስሱ መቀባት አለባቸው። ተራ የሞተር ግራሶ አይሆንም፤ የካሊፐሩን ላስቲክ ያሳብጠውና ፒኑን መልሶ ያስይዘዋል። ፒኑን የሚሸፍነው ላስቲክ ከተቀደደም ይቀየር፤ ውኃና አቧራ የሚገባው በዚያ ነው። በአንዳንድ መኪና ሁለቱ ፒኖች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቦታቸው መለዋወጥ የለበትም። ካሊፐሩ ሲወልቅም በዘይት ቱቦው ተንጠልጥሎ አይቆይ፤ ቱቦው ከውስጥ ይጎዳል። ሥራው ሲያልቅ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይረገጥ።

አራተኛ፣ የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። እኛ የምንኖረው ለባሕር ቅርብ በሆነ ሜዳ ላይ ነው፤ በተለይ ያቭኔ ያላችሁ የባሕሩን አየር ታውቁታላችሁ። አዲስ ዶት 4 ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውኃ ሲገባበት ግን ይህ እስከ 155 ሊወርድ ይችላል። ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ከፈላ በውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ፔዳሉም ባዶ ሆኖ ወለል ይነካል። ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚሉት ለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ዓመታዊው ቴስት የአንድ ቀን ፎቶ ነው። ፍሬኑ በዚያ ቀን መያዙን ያሳያል፤ ፒኑ ከስድስት ወር በኋላ እንደማይደርቅ አያረጋግጥም።

በዚህ ዓመት ከሲግድ ሁለት ሳምንት በፊት በሦስቱም ከተሞች ያሉ አባሎቻችን የቤተሰባቸውን መኪና ፍሬን እንዲያስፈትሹ እንጠይቃለን። ወላጆች ሆይ፣ ቋንቋው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ልጆች ደግሞ አያቶቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምናልባት ከእናንተ የተሻለ ብረት ያውቁ ይሆናል። ሥራው አልቆ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "ፒኖቹስ ወጥተው ጸዱ? ተቀቡ?"

እኛ ያን ቀን ሳንጠይቅ የቀረነው እሱን ብቻ ነበር።